ፈረስ ፍለጋ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ

ነገሩ የተጀመረው አሶሳ፣ ቡና ሲፈላ ነው። ሳንቲም የሚሰበስበው ወዳጄ የብስኩት ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና «እስቲ ፈረስ ያለበት ፈልግልኝ» አለኝ። ቀላል መሰለኝ። ነገሥታቷ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስማቸው በተጠሩባት አገር፣ ገንዘቧ ላይ ፈረስ ይጠፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጠገራ ብሩን አነሳሁ። 1780 የሚል ዓመት የተጻፈባት ማሪያ ቴሬዛ፣ በጀርባዋ ባለ ሁለት ራስ ንስር። የምኒልክ ብር አንበሳ ነው። የደርግ አሥር ሳንቲም ኒያላ፤ አንድ ሳንቲሙ ገበሬ ከሁለት በሬ ጋር። በሬ እንኳ ቦታ አግኝቷል!

እውነቱን ለመናገር፣ አሶሳ ላይ ፈረስ መፈለግ ራሱ ያስቃል። በአባይና በዳቡስ ሸለቆ ቆላ ዝንቡ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያመጣል፤ ፈረስ ደግሞ ገንዲን አይችልም። እዚህ ጭነቱ በአህያ ነው። የፈረስ ስም ግን አገሩን ያውቀዋል፦ በ1890 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ቤኒሻንጉል ያዘመቷቸው ራስ መኮንን ፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነበር። ከዚያ በኋላ የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ ገበሩ። አዲስ አበባ «ሸጎሌ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ታክሲ ረዳቱ በቀን መቶ ጊዜ ይጠራቸዋል፣ ሳያውቃቸው።

ወዳጄ ድንገት ተነስቶ ከጎረቤት አንድ የአንገት ጌጥ ተውሶ መጣ፤ በሱዳን በኩል የገባ ነው አለኝ። ክቡ ወርቅ መሐል ላይ ጋላቢ ዘንዶ ይረግጣል። ጊዮርጊስ! ደስታችን ብዙ አልቆየም። የኋላው ገጽ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። ሶቨሪን ይሉታል፤ ሥዕሉን ጣሊያናዊው ቤኔዴቶ ፒስትሩቺ በ1817 እ.ኤ.አ. የቀረጸው ነው። ደግሞም ጋላቢው የራስ ቁር ከመድፋቱና ካባ ጣል ከማድረጉ በቀር ራቁቱን ነው፤ የያዘውም ሰይፍ። የእኛ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ለብሶ፣ በጦር ነው የሚወጋው።

ይህ ስህተት ግን መንገድ አሳየን። ፈረሱን ትተን ጊዮርጊስን መፈለግ ጀመርን። ወዳጄ የሳንቲም መዝገቡን ገልጦ ገልጦ 1923 ዓ.ም. ላይ ቆመ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዓመት ነው። የዚያ ዓመት «መቶኛ» የተባሉት ሳንቲሞች፣ መዳቡም ኒኬሉም፣ አንበሳ ናቸው። ወርቆቹ ላይ ግን ከዘውዱ ገጽ በስተጀርባ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል።

«ለምን ጊዮርጊስ?» አለኝ። ቀኑን ቆጠርነው። ንግሡ የተፈጸመው አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ ጥቅምት 23 ቀን ነው። ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ዓድዋም የካቲት 23 ነበር። እንዲያውም ዓመተ ምሕረቱ ራሱ በሃያ ሦስት ያልቃል። ይኼኛው ግን ግጥምጥሞሽ ይመስለኛል።

እንግዲህ ገበያ የሚወርደው ሳንቲም አንበሳ፣ ጥቂት እጅ ብቻ የሚነካው ወርቅ ፈረስ። ወዳጄ በመዝገቡ ላይ ስማቸውን አነበበ፤ አንዱ «ግማሽ ወርቅ»፣ ሌላው በቀጥታ «ወርቅ» ይባላል።

«ወርቅማ እዚህ በግራም ነው የሚሸጠው» አለና ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰ። ኒያላውን መጨረሻ ላይ አስቀመጠው፤ «ለጊዜው አንተ ፈረስ ሁን»።