ዘንጉን የሚጠመዝዘው ሞስና መልኩ ያሳሳተው ቤተሰብ

ድሬዳዋ ስትነሣ ሞስ ትዝ የሚለው ሰው ያለ አይመስለንም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ሥፍራ ናት፤ የደቻቱ ወንዝም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሞስ ደግሞ እውነተኛ ሥር፣ አበባና ዘር የሌለው ጥቃቅን አረንጓዴ ተክል ሲሆን፣ ወንዴ ሕዋሱ ወደ ሴቴዋ ለመድረስ በስስ የውሃ ሽፋን ውስጥ መዋኘት አለበት። ይሁን እንጂ ፉናሪያሴ የተባለው የሞስ ቤተሰብ አጭር የእርጥበት ወቅት ይበቃዋል። አብዛኞቹ አባላቱ በባዶ አፈር ላይ ፈጥነው ያድጋሉ፣ ስፖራቸውን ይበትናሉ፣ ከዚያም ይጠፋሉ።

ከአባላቱ እጅግ የታወቀው ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨ ዝርያ ነው። እሳት የነደደበትን አፈር፣ ጥላ ያለው የግንብ ግርጌና የአበባ ማሰሮን ይወዳል። ስሙን በ1801 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ያጸደቀለት ሄድቪግ ሲሆን፣ የሞሶች ሳይንሳዊ ስያሜ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ መጽሐፍ ነው።

“ሃይግሮሜትሪካ” ማለት እርጥበት ለኪ ማለት ነው። እኛን የፊዚክስ ሰዎች ወደዚህ ተክል የሳበንም ይኸው ስም ነው። ከቅጠላማው አካል በላይ ቀጭን ዘንግ ይወጣል፤ በጫፉም ያዘነበለ የስፖር ቋት ይንጠለጠላል። ዘንጉ ሲደርቅ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፣ ሲርስ ይፈታል፤ ቋቱም አብሮ ይዞራል። ምክንያቱ በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ ያሉት የሴሉሎስ ክሮች ጠመዝማዛ አቀማመጥ ነው። ውሃ ሲገባ ግድግዳው በክሮቹ መካከል ያብጣል፤ የክሮቹ ርዝመት ግን እምብዛም ስለማይለወጥ እብጠቱ ወደ ዙረት ይቀየራል። የቋቱን አፍ የከበቡት በሁለት ረድፍ የተደረደሩ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ጥርሶችም ለእርጥበት ለውጥ እየተንቀሳቀሱ ስፖሩን በጥቂት በጥቂቱ ያወጣሉ። ሶሲር በ1783 እ.ኤ.አ. በሰው ፀጉር የሠራውን የእርጥበት መለኪያ ለተማሪዎች የምናስረዳ መምህራን ይህን ሞስ ብናሳያቸው ትምህርቱ ይበልጥ የሚገባቸው ይመስለናል።

ችግሩ የመጣው ይኸው ቋት መታወቂያ ሲደረግ ነው። የቀድሞ ሊቃውንት ቤተሰቡን በወገን የከፈሉት በአመዛኙ በቋቱ መልክ ነበር። ቋቱ አዘንብሎ ጥርስ ካበቀለ ፉናሪያ፣ ቀጥ ብሎ ጥርስ ካጣ ፊስኮሚትሪየም፣ ዘንጉ እስከ መጥፋት አጥሮ ቋቱ ድቡልቡል ከሆነና ራሱን ችሎ መከፈት ካልቻለ ፊስኮሚትሬላ ተባለ። ይህን የመጨረሻ ስም ያወጡት ብሩክና ሺምፐር ናቸው። የስትራስቡርጉ ሺምፐር ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትግራይ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈው የሌላው ሺምፐር ዘመድ ነበር፤ ሁለቱን ማደናገር የተለመደ ነው።

ምደባው አጠራጣሪ መሆኑ ቀድሞም ታይቷል። በ1920ዎቹ ኦስትሪያዊው ፎን ቬትሽታይን ፉናሪያንና ፊስኮሚትሪየምን አዳቅሎ ነበር፤ ሁለት ወገን የተባሉት መዳቀል መቻላቸው ዝምድናቸው ከስማቸው የቀረበ መሆኑን ያመለክታል። የዘር ቅንጣት ንባብ ሲመጣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ዘንጉ ያጠረና ቋቱ የቀለለ ሞስ በቤተሰቡ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በተለያዩ የዘር ሐረጎች ላይ ራሱን ችሎ ተከስቷል። መልክ አንድ፣ ሐረግ ግን የተለያየ ነው። የባቡር ፉርጎዎችን በቀለማቸው ብቻ እንደ መመደብ ያለ ስሕተት ነበር ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ሙሉ የዘር ቅንጣቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመውና በዓለም ቤተ ሙከራዎች የታወቀው ፊስኮሚትሬላ ፓቴንስ፣ ዛሬ ፊስኮሚትሪየም ፓቴንስ ተብሏል። ተመራማሪዎች የሚመርጡት ቅጠላማው አካል አንድ ረድፍ ክሮሞሶም ብቻ ስላለውና የተፈለገውን ጂን በቦታው መተካት ስለሚቻል ነው።

ይህ ሁሉ ለድሬዳዋ ተማሪ ምን ያገባዋል? በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ስምንት ቅጽ ታላቅ ሥራ ነው፤ የሚያካትተው ግን ፈርኖችንና ዘር አፍሪዎችን እንጂ ሞሶችን አይደለም። ደረቅ ናሙና ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ክረምቱ ሲገባ ከሚያፈስ ቧንቧ ሥር ወይም ከግንብ ግርጌ ጥቂት ሞስ ከነቋቱ ይነሣ፣ በጥላ ይድረቅ፣ በወረቀት ፖስታ ይታጠፍ። ላስቲክ ያሻግተዋል። በፖስታው ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የበቀለበት አፈር ይጻፍ።