የመንዝ ሱፍና የኪሮሽ መርፌ

መንዝ ሲነሣ ብርዱና በጉ አብረው ይነሣሉ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ ከአዲስ አበባ ስስ ኮት ደርቦ ለሥራ የሚመጣ ወጣት ሹም የመጀመሪያዋን ሌሊት በወጉ ሳይተኛ ያድራል። እኛም ይኸው ደርሶብን በማግሥቱ ባና ፍለጋ ወጣን። ባናውን ገዝተን ስንመለስ አንዲት ወጣት እናት በሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ፣ በቀይና በቢጫ ክር ትንንሽ አራት ማዕዘኖች በኪሮሽ ስትሠራ አየን። ወንድ ልጇ አርባ ቀኑ ደርሶ በመጪው እሑድ ክርስትና ስለሚነሣ፣ የሚጠቀለልበት ብርድ ልብስ ነው።

አሠራሩን በትዕግሥት አሳየችን። ጥቂት ሰንሰለት ይሠራና ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ ቀለበት ይሆናል። በቀለበቱ ውስጥ ክሩ ሦስት ሦስት እየቆመ አራት ጊዜ ይሠራል፤ በየመካከሉ የሚተወው ክፍተት ማዕዘን ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልብ ያድጋል። ቁራጭ ክር ስለማያስጥል የድኻ ቤት ወዳጅ ነው። በአሜሪካ አገርም አሠራሩ በ1885 እ.ኤ.አ. በአንድ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ ታትሞ ነበር። ሸማውም ሹራቡም መኪና ወጥቶላቸዋል፤ የኪሮሽን ሥራ በሙሉ የሚተካ መኪና ግን እስከ ዛሬ በገበያ አልታየም። እንግዲህ በርካሽ ዋጋ ተከራክረን የምንገዛው ዳንቴል ሁሉ የአንድ ሰው ጣት የደከመበት ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ክሩ ሱፍ አልነበረም፤ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ፣ አክሪሊክ የሚባለው ነው። በፊቷ ግን ሱፋቸውን እንደ ተሸከሙ በጎች ወደ ገበያ ይነዳሉ። በአገሯ ሱፍ ስለ ምን እንደማትሠራ ብንጠይቃት ሳቀችብን፤ «ልጁን ይኮሰኩሰዋላ!» አለችን።

እውነቷን ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ፀጉር የበዛበት ሻካራ ነው። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው እንደ ተፈጥሮው ያለ ቀለም ይገባል። ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ጠባብ ስለ ሆነ እየተጋጠመ ይሰፋል፤ ስለዚህ ባናውም እንደ ወጣቷ ሥራ ከቁራጭ የተገጠመ ነው። ለአዋቂ ትከሻ ከዚህ የተሻለ መከታ አላየንም። ለአርባ ቀን ሕፃን ገላ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። በአመድ ጉያ በጉን ከአዋሲ ዘር ጋር የማዳቀል ሥራ ተሠርቷል፤ የአዋሲም ሱፍ ቢሆን የሚመረጠው ለምንጣፍ ነው።

በእኛ አስተያየት መንገዱ ከዚህ የቀረበ ነው። የጠቦት የመጀመሪያ ሽልት ከትልቁ በግ ሱፍ ይለሰልሳል፤ ሻካራው ፀጉር ተለቅሞ ቢወጣለት ደግሞ የበለጠ ይለሰልሳል። ለኪሮሽ የሸማኔ ዕቃ አያስፈልግም፤ አንድ መርፌ ይበቃል። የእጅ ሥራ የሚያስተምሩ ሰዎች ለተማሪዎቻቸው አንድ እፍኝ የጠቦት ሱፍ ቢሰጡ ምን ይጎዳሉ?

ይህን ስንነግራት ወጣቷ ብዙም አላመነችንም። ነገር ግን ቀይ ክሯ አልቆባት ነበር፤ ባለ ሱቁም የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው ብሏታል። አማቷ የፈተሉት ነጭ ሱፍ ቤት ውስጥ አለ። «ዳር ዳሩን ብሠራበት ገላውን አይነካውም» አለችና ልጁን አዝላ ወደ ቤቷ ሄደች።