ምኞት የማን ነው? ስለ ጂኒና ስለ ዛር

ጂኒ ለሰው ምኞቱን ሲፈጽምለት ነገሩ ሁሉ የሚበላሽበት ተረት በዓለም የታወቀ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ተረት ሰብሳቢ የአገራችንን መንፈስ ሁሉ «ጂኒ» ብሎ ይመዘግባል፤ ይህም ስሕተት ነው። የደቡቡ መንገድ ከአዳማው በሚለይባት በሞጆ አካባቢ የአማርኛው ዛርና የኦሮምኛው አያና ጎን ለጎን ይታወቃሉ። በዛር ዘንድ ግን ተመኚው መንፈሱ፣ ፈጻሚው ሰው ነው። ሽቱ፣ ቀለበት፣ ቀለሙ የተመረጠ ዶሮና ቡና ይጠይቃል፤ ቢጓደልበት «ፈረሱን»፣ ይኸውም ያደረበትን ሰው፣ ያሳምማል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በጎንደር ይህን ሥርዐት ተመልክቶ፣ በ1958 ስለ ትያትራዊ ገጽታው መጽሐፍ አሳትሟል።

ሰው ራሱ ተመኚ በሚሆንበት በታወቀው የሣቅ ተረታችንስ ሰጪው ማን ነው? እግዚአብሔር ወይም ንጉሥ እንጂ ጂኒ አይደለም። ምቀኛውን፣ «የለመንኸው ሁሉ ይደረግልሃል፤ ለጎረቤትህ ግን እጥፍ ይሆናል» ቢለው፣ ጥቂት አሰበና «እንግዲያስ አንድ ዓይኔን አጥፋልኝ» አለ። ተረቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የላቲኑ ተረት ጸሓፊ አቪያኑስ ከ1500 ዓመት በላይ አስቀድሞ ጽፎታል። ሰጪው ቃሉን አላጣመመም፤ ተመኚውም በአነጋገሩ አልተሳሳተም፤ የፈለገውን በትክክል አገኘ።