አቀንጭራ የማሽላን ጥሪ እንዴት ይሰማል?

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ መንገደኛ የደጋውን ብርድ ትቶ ወደ ዛሪማ ቆላ ይገባል። ገብሱ ወደ ላይ ይቀርና የማሽላው አገር ይጀምራል። እንዲህ ባለው የሰሜን ኢትዮጵያ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ከድርቅ ሌላ አንድ ጠላት አለበት፤ ይኸውም ሐምራዊ አበባ ያለው አቀንጭራ ነው። አበባው ለዓይን ያምራል። ነገር ግን አረሙ ገና ከመሬት በታች ሳለ የማሽላውን ሥር ወግቶ ውሃውንና ምግቡን ሲጠጣ ሰንብቷል። ስለዚህ ገበሬው አይቶ በሚነቅልበት ጊዜ አብዛኛው ጉዳት ደርሷል።

ለመሆኑ እንደ ትቢያ የደቀቀው የአቀንጭራ ዘር ማሽላ በአጠገቡ መኖሩን በምን ያውቃል? ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ጥሪ ካልደረሰው አይበቅልም። ጠሪው ደግሞ ራሱ ማሽላው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፈሩ ውስጥ ፎስፎረስ ሲያንስ በማሽላው ሥር ያሉ አንዳንድ ጂኖች ሥራቸውን ያበረታሉ፤ ስትራይጎላክቶን የሚባለውም ንጥረ ነገር በብዛት ይሠራል። ይህ ንጥረ ነገር ሁለት ተግባር አለው። በተክሉ ውስጥ ሆርሞን ሆኖ ቅርንጫፍ እንዳይበዛ ያግዳል፤ ከሥሩ ወጥቶ ደግሞ ወዳጅ ፈንገሶችን ይጠራል። ፈንገሶቹም ፎስፎረስ ከሩቅ አምጥተው ማሽላው በሚሰጣቸው ስኳር ይለውጣሉ። እንግዲህ አቀንጭራ ለወዳጅ የተላከውን መልእክት ሰርቆ የሚሰማ ጠላት ነው። መሬቱ በደኸየ መጠን ጥሪው ይበረታል፤ ጥሪው ሲበረታም አረሙ ይበዛል።

ከዚህ ወገን የሆነው የመጀመሪያው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1966 የተገኘው ከጥጥ ሥር ነው። ጥጥ የአቀንጭራን ዘር ያስነሣዋል እንጂ አይመግበውም፤ የበቀለውም በረኃብ ይሞታል። ጥጥን ከማሽላ ጋር ማፈራረቅ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተማሩት የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥሪያቸው ደካማ የሆኑ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው አዳቀሉ። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ዝርያዎች ጎብዬና አብሽር በኢትዮጵያ ለገበሬ ተለቀዋል። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የጥሪው መድከም ምስጢር በጂን ደረጃ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ኤል.ጂ.ኤስ. 1 የተባለው ጂን የጎደለው ማሽላ መጥራቱን አይተውም፤ የጥሪው ዓይነት ግን ይለወጣል። በ5-ዲኦክሲስትራይጎል ፈንታ ኦሮባንኮልን ያወጣል። ይህን ወዳጅ ፈንገሶች ይሰሙታል፤ አቀንጭራ ግን እምብዛም አይነሣበትም።

ይሁን እንጂ ዘር ብቻውን አይበቃም። የተራበ መሬት ጥሪውን እንደሚያበረታ ካወቅን ፍግና ማዳበሪያም የአቀንጭራ መድኃኒት ናቸው፤ አረሙንም ዘር ሳያፈራ መንቀል ለመጪው ዓመት መዳን ነው። ጓደኞቼ ሆይ፤ የጂን ትምህርት ከማሽላው ማሳ የራቀ ነገር አይምሰለን። ለክረምት ዕረፍት ወደ ቆላው የምንወርድ ሁሉ ሐምራዊውን አበባ ባየን ጊዜ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ይህን መሬት ምን ራበው?