ከአሮጌ ዕቃ ስለሚገጣጠም የውድድር ብስክሌትና ልክ ስለሚያውቅ ነጋዴ

ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ አንድ ሰው ከብረት ክምር ውስጥ አንዱን አንሥቶ «ይህ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሻጩ በእጁ መዘን መዘን ያደርግና ዋጋውን ይጠራል። ለብዙ ዓይነት ዕቃ ይህ ልማድ በቂ ነው። በተለምዶ «ኮርሳ» ለሚባለው ለውድድር ብስክሌት ግን አይበቃም፤ የኮርሳ ዕቃ የሚሸጠው በክብደቱ ሳይሆን በልኩ ነውና። ልኩ ያልታወቀው ለገዢው ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ልኩ የተጻፈበት ያው ዕቃ ግን መለዋወጫ ይባላል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የነጋዴው ትርፍ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጉዳዩ በአሁኑ ጊዜ መነሣቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ ብሏል፤ አዲስ የውድድር ብስክሌትም ከጥንት ጀምሮ ርካሽ ሆኖ አያውቅም። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ጎዳናዎች ለብስክሌት ብቻ የተለየ መንገድ ተዘጋጅቷል። የስፖርቱም ፍቅር ትናንት የመጣ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። አዲሱን ለመግዛት አቅም የሌለው ወጣት ከዚህም ከዚያም አሰባስቦ ለመገጣጠም ሲነሣ፣ ወደ ሱቅ የሚመጣው ገዢ እንግዲህ እርሱ ነው።

ገጣጣሚው ሥራውን የሚጀምረው ከቴላዮው ነው። በቴላዮው ታችኛ ማዕዘን ላይ የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበት አጭር ቱቦ አለ፤ የብዙ ሰው ገንዘብና ትዕግሥት የሚያልቀው በዚህች ቱቦ ላይ ነው። በእንግሊዝ ልክ የተሠራችው ቱቦ ወርዷ 68 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በውስጧ የተቀረጸው የቡሎን ጥርስ በቀኝ በኩል ያለው ወደ ግራ እየዞረ የሚጠብቅ ነው። በኢጣልያ ልክ የተሠራችው ግን ወርዷ 70 ሚሊሜትር ሆኖ፣ በሁለቱም ወገን እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ ታጠብቃለች። የሚገባባቸው ዕቃ ዲያሜትር ለኢጣልያው 36፣ ለእንግሊዙ ወደ 34.8 ሚሊሜትር ነው፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ በዓይን ብቻ ለመለየት ያስቸግራል። በዚያ ላይ ሁለቱም በ1 ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ ስላላቸው፣ ያልለመደ ሠራተኛ አንዱን በሌላው ላይ በመፍቻ ኀይል ለማስገባት ይሞክራል፤ ጥርሱም ይበላል። ሆኖም ጥርሱ የተበላበት የእንግሊዝ ቱቦ ወዲያው አይጣልም። ተገቢው መሣሪያ ያለው ቶርኖ ቤት አስፍቶ በኢጣልያ ልክ እንደገና ሊቀርጸው ይችላል። የተበላሸው የኢጣልያ ቱቦ ግን እንዲህ ያለ ቀላል መውጫ የለውም። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ፣ ሌላው እንደ ቁርጥራጭ የሚሸጠውን ቴላዮ ገዝቶ ሊያተርፍበት ይችላል።

ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ፍሬን፣ ጎማ፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ እያልን የዕቃውን ስም ከኢጣልያንኛ ወስደን ስንጠራ ኖረናል፤ በጥርስ ከሚገጥሙት መካከል በዓለም ገበያ በብዛት የሚገኘው ልክ ግን የእንግሊዙ ነው። ስለዚህ አስመጪው በስሙ ተመርቶ እንዳያዝዝ ይጠንቀቅ። በአዲሶቹ ቴላዮዎች ላይ ጥርስ የሌለው፣ በግፊት የሚገባ ዓይነት መጥቷል፤ የዓይነቱ ብዛት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።

ቀጥሎ የሚለካው የኋላው እግር የሚገባበት ክፍተት ነው። የኋላ ማርሻቸው 5 የነበረው የቀድሞዎቹ ብስክሌቶች 120 ሚሊሜትር፣ ባለ 6ና ባለ 7ቱ 126፣ ከባለ 8 እስከ ባለ 11 ያሉት 130 ሚሊሜትር ናቸው፤ ዲስክ ፍሬን ያላቸው ያሁኖቹ በአብዛኛው 142 ሚሊሜትር ሆነዋል። የ126ን ቴላዮ ወደ 130 ማስፋት የሚቻለው ቴላዮው ብረት ሲሆን ብቻ ነው፤ ብረት በጥንቃቄ ሲሳብ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። አሉሚኒየምና ካርቦን በዚህ መንገድ ቢሳቡ የመሰንጠቅ አደጋ አለባቸው። ቀለም የተቀባውን ለመለየት አንዲት ትንሽ ማግኔት በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጥ ከብዙ ክርክር ታድናለች።

የማርሹ ነገር ታሪክ አለበት። ቀደም ባለው ጊዜ ጋላቢው ማርሹን የሚቀይረው እጀታውን ጥቂት በጥቂት እየሳበ፣ በጆሮው እየሰማ ስለ ነበር የአንዱ ፋብሪካ እጀታ ከሌላው ማርሽ ጋር ያለ ብዙ ችግር ይሠራ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. በሳካይ ከተማ የሚገኘው የጃፓኑ ሺማኖ በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆም እጀታ በዱራ ኤስ ዕቃው ላይ አወጣ። ከዚያ ወዲህ እጀታው፣ የማርሽ ቀያሪውና የኋላው የማርሽ ቁልል አንድ ላይ ካልተስማሙ ሥራ የለም። በቪቼንዛ የተቋቋመው የኢጣልያው ካምፓኞሎ ደግሞ የራሱ ልክ አለው፤ የማርሽ ቁልሉ በሺማኖ ሞዞ ላይ አይገባም። ስለዚህ ባለሱቁ እነዚህን ሦስት ዕቃዎች ከአንድ ብስክሌት ሲፈታ በአንድ ሽቦ አስሮ አንድ ላይ ቢሸጣቸው ይሻላል። ነጣጥሎ የሸጠ እንደ ሆነ ገዢው በማግሥቱ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ገንዘቡ አጭር ለሆነ ገጣጣሚ፣ በእኛ አስተያየት፣ ድምፅ የሌለው የጥንቱ እጀታ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው።

ካቴና በማስመሪያ ይፈተናል። አዲስ ሲሆን ከፒን እስከ ፒን 24 ዐይኖች ልክ 12 ኢንች ናቸው፤ በ1/16 ኢንች ከረዘመ ካቴናው መለወጥ አለበት፣ በ1/8 ከረዘመ ማርሹም አብሮ አልቋል ማለት ነው። ጎማ ሲታዘዝ በጎኑ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ነው፤ 622 የሚለው ጎማ 630 በሚለው ቸርኬ ላይ በምንም ዓይነት አይገባም።

ለገጣጣሚውም ሆነ ለነጋዴው አዋጪው መንገድ ዕቃውን አንድ በአንድ መልቀም ሳይሆን፣ ቴላዮው የተጎዳ ነገር ግን ሌላው ዕቃው ደኅና የሆነ ሙሉ ብስክሌት ገዝቶ መፍታት ነው። በዚያን ጊዜ የሚስማማው ዕቃ ሁሉ አብሮ ይመጣል።

ሆኖም ከፈረሰው ብስክሌት ላይ የማይሸጥ ነገር አለ። አደጋ ያገኘው የካርቦን ሹካ ከላይ ሲታይ ደኅና መስሎ በውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ለብዙ ዓመት የተጋለበበት የአሉሚኒየም መሪም እንደ ብረት አስቀድሞ ታጥፎ ምልክት ሳይሰጥ በድንገት ይሰበራል። ከእንጦጦ ቁልቁለት በሚወርድ ወጣት እጅ ላይ ይህ ቢደርስ የሚከተለውን መገመት አያዳግትም፤ ታሪኩ ያልታወቀ ሹካም ሆነ መሪ በማናቸውም ዋጋ ለሽያጭ መቅረብ የለበትም። ሹካው ሲጣልም በመጋዝ ለሁለት ተቆርጦ ይጣል፤ አለዚያ በሳምንቱ ታጥቦና ተወልውሎ ከሌላ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።