ርካሽ ፕላን፣ ውድ ሕንፃ
በአርባ ምንጭ የአርክቴክቱ ሥራና ዋጋው

አርባ ምንጭ ላይ ሕንፃ ለማቆም የሚነሳ ባለሀብት ስለ ሲሚንቶና ብረት ዋጋ አጥብቆ ይጠይቃል። ስለ ፕላኑ የሚጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ብር ነው? መቼ ያልቃል? ለብዙ አሠሪ ፕላን ማለት የግንባታ ፈቃድ ማውጫ ወረቀት ነው። አርክቴክቱ ሙያውን የሚሸጠው በዚህ ገበያ ውስጥ ነው።

ሥራ የለም ማለት ግን አይደለም። የጋሞ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው አርባ ምንጭ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዓባያና ጫሞ ሐይቆች፣ የነጭ ሳር ፓርክና የዶርዜ መንደሮች እንግዳ ያመጡላታል። በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተቋቁሞ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው ተቋምም ቤትና ምግብ ፈላጊ አብዝቶላታል።

ከመሳያ ጠረጴዛ እስከ ፊርማ

የሙያው ትምህርት በአገራችን በ1947 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ አዲስ አበባ ከተከፈተው የሕንፃ ኮሌጅ ይነሳል። ዛሬ በየክልሉ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ተመራቂው ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚደርሰው የሌላውን ሐሳብ መሳል ነው፤ ደረጃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የበርና የመስኮት ዝርዝር። ቀጥሎ ሳይት ይወርዳል፤ ከፎርማንና ከግንበኛ ጋር መነጋገር ይለምዳል። የሙያ ፈቃዱም ከግራጁዌት ወደ ፕሮፌሽናል፣ ከዚያም ወደ ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል ከፍ ይላል።

የዲዛይን ሥራ መሪ ሲሆን ሥራው ይለወጣል። ከራሱ ሥዕል ይልቅ የሌሎችን ማስታረቅ ይበዛበታል። ስትራክቸራል ኢንጂነሩ ያቆመው ምሰሶ የሱቁን መሃል ይዘጋል፤ ሳኒተሪ ባለሙያው ያወረደው ቱቦ በእንግዳ መቀበያው ጣሪያ ላይ ያልፋል። ይህ ግጭት ወረቀት ላይ ሲታረም ላጲስ ይበቃዋል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን መዶሻና መሮ፣ አዲስ ብረትና የባከነ ቀን ያስከፍላል።

ሕጉም ቢሆን ኃላፊነቱን ቀላል አላደረገውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውንና ሕዝብ የሚገለገልባቸውን በምድብ «ሐ» አስቀምጧል። ይሁንና አንዱ ስሎ ሌላው ማኅተም የሚያሳርፍበት አሠራር ገበያውን ያበላሻል። በሙሉ ዋጋ ሙሉ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ የሚወዳደረው ከሌላ ከተማ ተገልብጦ ከመጣ ፕላን ጋር ነው። በዚህ ዋጋ ቢሮ ማቆየት ያቃተው ወጣት ዓይኑን ወደ አዲስ አበባ ቢጥል አይፈረድበትም።

የሲቀላ ሙቀት፣ የሴቻ እይታ

የተገለበጠ ፕላን ጉዳቱ በአርባ ምንጭ ቶሎ ይታወቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። እዚያ ፀሐይ የሚያስገባው የመስታወት ግድግዳ ለብርዱ ጥሩ ነው። ሲቀላ ላይ ግን ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል፤ ባለቤቱም ኤር ኮንዲሽነር ገዝቶ የመብራት ሂሳብ በየወሩ ይከፍላል።

ሴቻ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሐይቆቹ የሚታዩት በምሥራቅ በኩል ነው። ሆቴል የሚሠራው ሁሉ መኝታ ክፍሉን ወደዚያው ማዞር ይፈልጋል፤ የጠዋቷ ፀሐይም በዚያው ትገባለች። መፍትሔው እይታውን መዝጋት ሳይሆን ጥላ የሚሰጥ ሰፊ በረንዳና አየር የሚያሳልፍ ክፍል ነው። ይህን የሚያስበው ቦታውን ረግጦ ያየ አርክቴክት ብቻ ነው።

ዶርዜዎች ይህን ያለ ዲግሪ ያውቁታል። ከቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰት ቅጠል የሚከደነው ረጅም ቤታቸው ግርጌውን ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል። ቤቱ በመጠኑ ያጥራል እንጂ አይወድቅም፤ ሲያስፈልግም በሰው ሸክም ቦታ ይቀይራል። ጉዳቱና ጥገናው አስቀድሞ የታሰበ ነው።

በዘመናዊው ሥራም ምሳሌ አይጠፋም። በአዲስ አበባ የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ከሁለቱ የኔዘርላንድስ አርክቴክቶች ጋር በአገር ውስጥ በኩል ራሔል ሻውል ሠርተውበታል። የአፈር ቀለም ያለው ያ ኮንክሪት በነበሩት ዛፎች መሃል የተቀመጠው ቦታው ተጠንቶ ነው።

ለባለሀብቱ የሚሻለው ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄ ማንሳት ነው። ባለሙያው ቦታውን አይቷል? የኢንጂነሮቹን ሥራ የሚያስታርቀው ማን ነው? የሥራው ዝርዝርና ግምት ከፕላኑ ጋር ይመጣል? ግንባታው ሲጀመር ክትትሉ በክፍያው ውስጥ አለ? ለእነዚህ መልስ ያለው ፕላን ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ልዩነቱ ሕንፃው ሳያልቅ ተመላሽ ሊሆን ይችላል።