ከብቱ ካለቀ በኋላ

በቦረና ቆላ ሰላምታ ረጅም ነው። «ነጋ» ይላሉ፣ ሰላም ማለት ነው። ጥያቄው ከራስ ይጀምርና ቤተሰቡን፣ መንደሩን፣ ከብቱን ያዳርሳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር፣ በቦረና ዞን ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ማለቃቸውን የዞኑ ባለሥልጣናት ተናግረው ነበር። ዱብሉቅ መጠለያ የገባ አባወራ ያኔ «ከብቱ ሰላም ነው?» ሲባል ምን ይመልስ? በዚያ አገር ልጅ የሚዳረው፣ ጠብ የሚታረቀው፣ ዘመድ የሚጠየቀው በከብት ነው። መንጋው ሲያልቅ ሰውየው ከሰው ጋር የተሳሰረበት ገመድ አብሮ ይበጠሳል።

ድርቁ ደግሞ ያረፈው ቀድሞ በቆሰለ ሕዝብ ላይ ነው። የነገሌ ቦረና ከተማ በታሪክ በብዛት የምትነሳው በጥር 1966 ዓ.ም. በጦር ሠፈሯ በተነሳው የወታደሮች አመፅ ነው፤ መነሻውም የምግብና የውሃ ብሶት ነበር። ብዙ ሳይቆይ የሶማሊያ ጦርነት ደረሰ። በ2010 ዓ.ም. የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ወሰን ግጭት መቶ ሺዎችን አፈናቀለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ሞያሌ ውስጥ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ፣ ሺዎችም ወደ ኬንያ ሸሹ። ክረምቱ ሳይገባ በጉጂና በጌዴኦ መካከል በተነሳው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጣ። ወደ ምሥራቅ፣ ዶሎ አዶ አካባቢ፣ ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. የተከፈቱት አምስት መጠለያዎች ከሶማሊያ ጦርነትና ረሃብ ያመለጡትን ተቀብለዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ዕድሜ ያየ ሰው በእነዚህ ከተሞች ብርቅ አይደለም።

እንዲህ በላይ በላዩ ለሚደራረብ ጉዳት ሕክምናው ስም ያወጣለት ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ለረጅም ጊዜ መውጫ አጥቶ የተሰቃየ ሰው ሕመሙ አንድ አደጋ ከደረሰበት ሰው ሕመም እንደሚለይ ጻፈች። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን «ውስብስብ» የተባለ ትራውማ በ11ኛው የበሽታዎች መዝገቡ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አሰፈረው፤ መዝገቡ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ቅዠት፣ ድንጋጤና ያለፈውን ከሚያስታውስ ነገር መሸሽ እንዳሉ ሆነው ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ፦ ስሜትን መግዛት ማቃት፣ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየት፣ ከሰው ጋር መዝለቅ አለመቻል።

ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሕመም ግን በዚህ ስም አይመጣም። አንዲት እናት ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም ትላለች። ማስታገሻ ተሰጥቷት ትሄድና በወሩ ትመለሳለች። በመካከሉ ጸበል ሞክራለች፣ ወይም ቁርዓን ተቀርቶላታል። ይህን እንደ ኋላቀርነት የሚያይ ባለሙያ ይሳሳታል። ብዙ ጊዜ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው አረጋግተው የሚጠይቋት የጸበሉና የቁርዓኑ ሰዎች ናቸውና።

ኸርማን መዳንን በሦስት እርከን ታስቀምጠዋለች፦ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ወደ ሰው መመለስ። ቅደም ተከተሉ በቆላው ብዙ ትርጉም አለው። ነገ ከመጠለያ እወጣለሁ ብሎ የሚሰጋን ሰው ያየውን መከራ እንዲዘረዝር መገፋፋት ቁስሉን መነካካት ነው። ከአደጋ በኋላ ወዲያው በአንድ ጊዜ ሁሉንም ነገር የማናገር ልማድ እንደማይረዳ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም።

ጊዜው ሲደርስ ግን የሚሠራ ዘዴ አለ። በጀርመኑ ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸው የትረካ ሕክምና መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ ዕድሜ ነው። ታካሚው ከልደቱ ጀምሮ ለክፉው ቀን ድንጋይ፣ ለደጉ ቀን አበባ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከነቦታቸውና ከነጊዜያቸው ይተርካል። እያንዳንዱ ሰቆቃ የትናንት ሆኖ ቦታውን ሲይዝ ዛሬን መውረሩ ይቀንሳል። በዩጋንዳ ናኪቫሌ መጠለያ ዘዴው ለሩዋንዳና ለሶማሊያ ስደተኞች ሲሞከር፣ አማካሪዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ውጤቱም ጥሩ ነበር። ለነገሌ፣ ለያቤሎና ለሞያሌ ከዚህ የሚቀርብ ትምህርት አላውቅም።

ሦስተኛው እርከን፣ ወደ ሰው መመለስ፣ ግን በቦረና ከሕክምናው በፊት ሥርዓት ነበረው። ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። መንጋው ላለቀበት ሰው ጎሣው ከያለበት ላምና ጊደር አዋጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። የሚሰጠው ወተት ብቻ አይደለም፤ «አሁንም የእኛ ነህ» የሚል ቃል ጭምር ነው። ራሱን ከንቱ አድርጎ ለሚያይ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን መድኃኒት አለ? በጉጂና በጌዴኦ መካከልም ደም ሲፈስ ጎንዶሮ የተባለው የእርቅ ሥርዓት ጠቡን ይዘጋል።

ነገር ግን እነዚህን ሥርዓቶች እያሞገሱ ማለፍ ይበቃል የሚሉትን አልቀበልም። ድርቁ ሰጪውንም ተቀባዩንም አንድ ላይ ሲያራቁት ቡሳ ጎኖፋ ከየት ያዋጣል? እርቁም በአብዛኛው የወንዶች ሸንጎ ነው። በግጭት ወቅት የተደፈረች ሴት ጉዳይዋ በጎሣ ካሳ ቢዘጋም ሌሊቷ አይዘጋም። ከጦር ሠፈር ጡረታ ወጥቶ ከተማ የቀረ ወታደር ደግሞ ጎሣው ሩቅ ነው።

የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከነገሌ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያዎች የማውረድ ሥራ ተጀምሯል፤ በዩኒቨርሲቲዎችም ባለሙያዎች እየሠለጠኑ ነው። በእነዚህ ከተሞች ብዙ ሰው በገበያ አማርኛ ይናገራል፤ ሌሊት የሚቃዠው ግን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ነው። ስለዚህ ተመድቦ የሚመጣው ባለሙያ ያንን ቋንቋ መስማት አለበት፤ ወይም ከመንደሩ የተመረጠች፣ የሠለጠነችና ምስጢር የምትጠብቅ ሴት ከጎኑ መቀመጥ አለባት።